ያንን ሰንጠረዥ ቅደዱት

ይሄን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልለጥፈው ነው። ረዘም ስለሚል ማታ ቡና ሲፈላ አንብቡት። ሹፌር የሆናችሁ ደግሞ መሪ ይዛችሁ እንዳታነቡት፣ አደራ።

እኔ ዘንድ አውቶ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለ ሞተር ዘይት ስንማር ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር እጽፍ ነበር፦ ቆላ 50፣ ወይና ደጋ 40፣ ደጋ 30። ከስሩ በቀይ ጠመኔ ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ፣ ሦስት ማርክ። የሳተውን ልጅ "የጎጃም ልጅ ሆነህ ቆላና ደጋ መለየት ያቅትሃል?" እያልኩ ክፍሉን አስቅበት ነበር።

ሰንጠረዡ ስህተት ነው። ለዛሬ ሞተርም፣ ለዛሬ ዘይትም፣ እኛ ለምንነዳበት መንገድም ስህተት ነው። እኔ ግን ለዓመታት አስተማርኩት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከደንበጫ እስከ ሽንዲ ባሉ ጋራዦች ዛሬም ሲጠቀስ እሰማለሁ። አንዳንዱ ጋ "ቲቸር እንዲህ ብሎናል" ተብሎ በስሜ ነው የሚጠቀሰው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ከወንበርማ በኩል ነው ልጁ። ኤፍኤስአር አይሱዙ አለው። "አለው" ስል አባቱ በሬና የባሕር ዛፍ ደን ሸጠው፣ እሱ ዕቁብ ሰብስቦ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድሮ ማለቴ ነው። በቆሎና በርበሬ ይጭናል። ከቡሬ በነቀምቴ መንገድ ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ ስራ አገኘና "ቆላ ልገባ ነው" ብሎ የነበረውን 15/40 አስፈስሶ ባለ አንድ ቁጥር 50 ሞላበት። ስራው አንድ ጊዜ ቆላ፣ አንድ ጊዜ ደጋ ነበር። ሌሊቱን ቡሬ ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ አስነስቶ በጭነት ይወጣል። ጥቂት ወራት ሄደ። መጀመሪያ ተርቦው ማፏጨት ጀመረ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ፣ ቀጥሎ ከስር ኳ ኳ የሚል ድምፅ።

"ቲቸር፣ እርስዎ እንዳስተማሩን ነበር እኮ ያደረግሁት" አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞተሩ ሲወርድ አብሬ ነበርኩ። ብሮንዞቹ የላይኛው ሽፋናቸው ተገፎ መዳቡ ወጥቷል። ኮሎው ተጭሯል። የተርቦው ዘንግ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ፊልትሮው ደግሞ ተደፍኗል። ስለዚህ ጥፋቱ የዘይቱ ውፍረት ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ፊልትሮውን አብሮ አለመቀየሩ የራሱ ነው፣ ነግሬዋለሁ። ግን ወፍራም ዘይትና የተደፈነ ፊልትሮ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያላስተማርኩት እኔ ነኝ።

እስቲ አሁን ላስተምር።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ጀሪካኑ ላይ ያለው 40 ማለት 40 ዲግሪ ሙቀት ማለት አይደለም። ይሄን ካልኳችሁ ግማሹን ስራ ጨረስኩ። ኤስኤኢ የሚባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ከ1911 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) ዘይትን በውፍረት የመደበበት ደረጃ ነው። 40 የሚባለው ዘይት 100 ዲግሪ ላይ ሲለካ ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ውስጥ ይወድቃል። 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የሚለኩት 100 ዲግሪ ላይ ነው። የፈላ ሞተር ውስጥ ማለት ነው እንጂ የአባይ በረሃ አየር ላይ አይደለም።

ፊት ያለው 15 እና አጠገቡ ያለው ደብሊው ደግሞ የብርድ ነው። ደብሊው "ዊንተር" ነው፣ የፈረንጅ ክረምት። 15 የሚል ዘይት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሞተሩን አላዞርም እስከሚል ድረስ እንዳይጠጥር የተፈተነ ነው። 10 የሚለው ከዜሮ በታች 25፣ 5 የሚለው ከዜሮ በታች 30 ላይ። ቡሬ ላይ በታህሳስ ውርጭ የሚጥልበት ጠዋት እንኳ ወደዚያ አንጠጋም። ስለዚህ ሚኒሶታ ያለው ወንድማችሁ "እዚህ ሁሉም 5 ነው የሚሞላው" ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ለሚኒሶታ።

አንድ የማይለቅ ስህተት አለ፦ "ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ሲበርድ ይቀጥናል፣ ሲሞቅ ይወፍራል" የሚል። ሲሞቅ የሚወፍር ዘይት የለም። ሁሉም ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲበርድ ይወፍራል። የጎጃም ሰው ማር ያውቃል፣ ቅቤ ያውቃል፣ ይሄ ሊነገረው አይገባም ነበር። ልዩነቱ በመጠኑ ነው። ባለ ሁለት ቁጥሩ በሙቀትም በብርድም የሚለዋወጠው ትንሽ ነው። ባለ አንድ ቁጥሩ በጣም ይለዋወጣል።

ምን ያህል? የተለመደ 15/40 ዘይት 10 ዲግሪ ባለው ጠዋት፣ ሞተር ውስጥ ሞቆ ካለው ውፍረቱ ከ40 ጊዜ በላይ ይወፍራል። ይሄ ደህናው ነው። ባለ አንድ ቁጥር 40 በዚያው ጠዋት የ15/40ን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ባለ አንድ ቁጥር 50 ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ። እንደ ስሪቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሥዕሉ ግን ያው ነው። ተማሪዬ ጎህ ሲቀድ ቁልፍ ሲያዞር ኮፓው ውስጥ የተኛው ይሄ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጌጁ የሚያታልለን። ስንቱ ሹፌር ነው "50 ከሞላሁ ወዲህ የዘይት ጌጄ ቀጥ አለ" ብሎ የሚፎክርልኝ! ጌጁ ቀጥ ይላል እንጂ ምን ያድርግ። ጌጁ የሚለካው ግፊት ነው፣ ምን ያህል ዘይት እንደፈሰሰ አይነግርህም። የአትክልት ጎማ ጫፉን በጣትህ ብትዘጋው ግፊቱ ይጨምራል፣ ጎመኑ ጋ የሚደርሰው ውሃ ግን ይቀንሳል። ወፍራም ዘይትም እንዲሁ ነው። ፖምፓው ይገፋል፣ መንገዱ አላሳልፍ ይላል፣ ጌጁ ይወጣል፣ አንተ ደስ ይልሃል፣ ተርቦው ግን ይጠማል። ተርቦ በደቂቃ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚዞር ነገር ነው። ጥቂት ሰከንድ ያለ ዘይት ሲዞር አይረሳልህም።

ሌላም አለ። የፊልትሮው ጉሮሮ ባይፓስ ቫልቭ አለው። ዘይቱ ከመወፈሩ የተነሳ ወይ ፊልትሮው ከመደፈኑ የተነሳ ማለፍ ሲያቅተው ይከፈትና ዘይቱን ሳያጣራ ያሳልፈዋል። ሞተሩ ከሚደርቅ ቆሻሻ ቢጠጣ ይሻላል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን በየጠዋቱ የሚከፈት ከሆነ በየጠዋቱ የሽንዲን አፈር ለብሮንዝ እያጎረስክ ነው። ያየሁት ጭረት ይሄንኑ ይመስላል።

"እሺ ጠዋቱስ ይሁን፣ ቆላ ስንገባስ? ሙቀቱ ዘይቱን አያቀጥነውም?" የምትሉኝ አላችሁ። አውቃለሁ፣ እኔም እል ነበር። እስቲ መንገዱን አስቡት። ከቡሬ በቆሎ ጭነህ ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ መነሻህ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስና ደጀን ከ2,400 በላይ ናቸው። ከደጀን ወርደህ አባይ ድልድይ ላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ጎሃ ጽዮን ድረስ ተመልሰህ ወደ 2,500 ትወጣለህ። ቁልቁለትና ዳገቱ አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ብንሄድ ደጀን ላይ ቆመህ 30ውን አፍስሰህ 50 ትሞላለህ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ መልሰህ 30 ታደርጋለህ ማለት ነው! ረዳቱ ሌላ ስራ የለውም፣ በርሜል ያንከባልል።

ዋናው ነገር ሞተሩ ቆላና ደጋ አያውቅም። ቴርሞስታት የሚባለው የተሠራው ለዚህ ነው። ውጪው 12 ዲግሪ ይሁን 40 ዲግሪ፣ የማቀዝቀዣ ውሃውን ከ80 እስከ 90 አካባቢ ይዞ ያቆየዋል። ዘይቱም በስራ ላይ ወደ 100 ጠጋ ብሎ ይሠራል። ሚሌ ላይም ቡሬ ላይም። ዘይቱን ከዚያ በላይ የሚያሞቀው በአብዛኛው ጭነትና ዳገት ነው። ከአባይ ድልድይ ደጀን ሙሉ ጭኖ በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ነፋስ በማያገኝበት ፍጥነት ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ነው። ያኔ ዘይቱ 110፣ 120 ሊገባ ይችላል። እዚያ ነው ዘይት የሚፈተነው፣ እዚያም ቢሆን ደህና 15/40 ጤነኛ ሞተርን ይሸከማል።

አሁን ዋናዋን ሒሳብ ስሙኝ። በ15/40 እና በ20/50 መካከል ያለው የውፍረት ልዩነት ከ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ጋር የሚቀራረብ ነው። 90 ዲግሪ ላይ ያለ 15/40፣ 100 ዲግሪ ላይ ያለ 20/50 ያህል ይወፍራል። ስለዚህ "ቆላ ስገባ ሞተሬ ይግላል፣ 50 ልሙላ" የምትለው ወንድሜ፣ ራዲያተርህን አሳጥብ። ክንፎቹ መሐል የገባውን ጭድና ትንኝ በውሃ አስወጣ። የማራገቢያውን ቀበቶ እየው። ክዳኑ ግፊት ይይዝ እንደሆነ አረጋግጥ፣ በእኛ ከፍታ ክዳኑ የላላ ራዲያተር ውስጥ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። አሥር ዲግሪ ካወረድክ 50ውን በነፃ አገኘኸው፣ ጠዋትም አይቀጣህም።

ቴርሞስታት ካነሳን አይቀር፣ በዚህ እጅግ ነው የምናደደው። መኪና ጋለ ሲባል የመጀመሪያው ነገር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የሆነበት ጋራዥ ስንት ነው? "ሀገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም" ይባላል። ቡሬ ሞቃት ነው? ደንበጫ ሞቃት ነው? ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደጋ ላይ ቁልቁለት ሲወርድ እንደ በረደ ይውላል። ዘይቱ ወፍሮ ይቀራል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ በፋሻው በኩል ወደ ኮፓ ይወርዳል፣ ውሃውም ሳይተን ይቀራል፣ ዘይቱ ጭቃ ይሆናል። ከዚያ ሰውየው "ዘይቱ ገርባ ነው" ይላል። መጀመሪያ ያወጣኸውን መልስ! ከተማሪዎቼ መሐል ይሄን የሚያደርጉ አሉ። እናንተን በስም አልጠራችሁም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

መንገድ ተዘግቶ መኪና ለሳምንታት በሚቆምበት ጊዜም "ባትሪው እንዳይሞት" ተብሎ በየቀኑ አሥር ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ተለምዷል። ያም ያው ነው፣ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ዘይቱን ያረጥበዋል። ከቻላችሁ የባትሪውን ገመድ ፍቱትና ሞተሩን ተዉት።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ፋሻው ያለቀ፣ ሰማያዊ የሚያጨስ ሞተር ላይ 50 አፍስሶ፣ ጭሱ ለሁለት ሳምንት ጋብ ሲል መሸጥ። ይሄ የሙያ ስህተት ነው አልልም። ሌብነት ነው። የሚያደርገው ደላላ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር፣ ግን ደላላው ዘይቱን ራሱ አያፈስም። የሚያፈስለት መካኒክ ነው። ከእኔ ክፍል የወጣም ሊሆን ይችላል። ያንን መኪና የሚገዛው የገበሬ ልጅ ነው፣ በሬ ተሽጦ። ያረጀ ሞተር ላይ ጥቂት ወፈር ያለ ዘይት ሞልቶ ለኦቨርሆል ገንዘብ እስኪጠራቀም መጎተት እረዳዋለሁ፣ ድህነት ነው፣ እኔም በራሴ መኪና አድርጌዋለሁ። ግን ለገዢው አፍ አውጥተህ ንገረው።

አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ሹፌር አሉ። ይሄን ሁሉ ስነግራቸው "እኔ በፊያት 682 ሠላሳ ዓመት 40 ብቻ ሞልቼ ሠርቻለሁ፣ አንተ ልጅ ምን ትለኛለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው ጋሼ። ያ ሞተር ከአሥር ሊትር በላይ ነው፣ ዝግ ብሎ ነው የሚዞር፣ ተርቦ የለውም። የዚያ ዘመን የሞተር መጽሐፎችም ባለ አንድ ቁጥር ዘይትን በአየር ሙቀት እየከፋፈሉ በሰንጠረዥ ያዝዙ ነበር። የእኔም ሰንጠረዥ የአያት ቅድመ አያቱ ያ ነው። ለዘመኑ ልክ ነበር። በዚያ ላይ እሳቸው ጠዋት ሞተሩን በቀስታ አሙቀው፣ በእርጋታ ነድተው ነው ዕድሜ የሰጡት። ዛሬ አይሱዙም ሲኖትራክም ተርቦ አለው፣ የብሮንዝ ክፍተታቸው ጠባብ ነው፣ ሹፌሩም ከቁልፍ ወደ ሦስተኛ ማርሽ የሚገባው ረዳቱ በር ሳይዘጋ ነው።

ታዲያ ምን እንሙላ? የመኪናህን መጽሐፍ ክፈት። መጽሐፉ ከሌለህ አንድ ዓይነት ሞተር ካለው ሰው ገጹን ፎቶ አንሳ። እኛ አካባቢ ለሚሠሩት አብዛኞቹ የጭነት ናፍጣ ሞተሮች የምታገኘው መልስ 15/40 ነው፣ ቡሬም አባይም። ሪሙላ ይሁን ዴልቫክ ይሁን ሩቢያ በዚህ ቁጥር ይገኛሉ፣ የማንም ሻጭ አይደለሁም። መኪናህ ዓመቱን ሙሉ ከቆላ የማይወጣ ከሆነና መጽሐፉ 20/50 ከፈቀደ ሙላ፣ አልጣላህም። መጽሐፉ ሳይፈቅድ ግን በእኔም በማንም ቃል አትሙላ።

ከውፍረቱ ይልቅ የማናየው ሌላ ጽሑፍ ጀሪካኑ ላይ አለ። ኤፒአይ ከሚለው አጠገብ ሲኤፍ-4፣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4 ይላል። በሲ የሚጀምረው የናፍጣ ነው፣ በኤስ የሚጀምረው የቤንዚን። ሲኤፍ-4 የ1990 ደረጃ ነው፣ ሲኤች-4 የ1998፣ ሲአይ-4 የ2002፣ ሁሉም በፈረንጆቹ። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ጥላሸትን ይዞ የመቆየትና ተርቦን የመጠበቅ አቅሙ ይጨምራል። ሁለት ጀሪካን፣ ሁለቱም 15/40፣ አንዱ ሲኤፍ-4 ሌላው ሲአይ-4፣ አንድ አይደሉም። እኛ ግን ስለ 40 እና 50 ስንጨቃጨቅ ይሄኛውን አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም። ሦስት ማርክ የሚገባው እሱ ነበር።

መቼ ይቀየር ለሚለውም ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ይዋሻል። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በአስፋልት በ60 ስትሄድ 83 ሰዓት ገደማ ነው። ያንኑ በፒስታ በ25 ስትሄድ 200 ሰዓት ነው፣ ያውም በአቧራ። የገጠር ጭነት የምትሠሩ ቶሎ ቀይሩ። ፊልትሮውን አብራችሁ ቀይሩ። ዳገት ጨርሳችሁ ደጀን ላይ ለምሳ ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው ጥርቅም አታድርጉት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ በቀስታ ይዙር፣ የጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት አርሮ እንዳይቀር። ባዶ ጀሪካኑንም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ብሱት፣ ሞልቶ እንዳይመለስባችሁ።

የተማሪዬ መኪና ስምንት ሳምንት ቆመ። ኮሎው ተልኮ ሬቲፊካ ተደረገ፣ ብሮንዙ በአንድ ደረጃ ተወፍሮ ገባ፣ ተርቦው በሌላ ተተካ። የእጅ ዋጋዬን አልተቀበልኩም፣ የባንኩን ወለድ ግን ልከፍልለት አልቻልኩም። አባቱ ሊጠይቁኝ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡና ጋራዡ በር ላይ ቆመው "መምህር፣ ዘይቱ ነው ወይስ ልጁ?" አሉኝ። "መምህሩም አለበት" አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡና ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ።

አሁን መኪናው ይሠራል። 15/40፣ ሲአይ-4። ትናንት ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍቶልኛል።

ከ1996 እስከ 2008 ድረስ እኔ ዘንድ የተማራችሁ፣ ያንን ገጽ ደብተራችሁ ውስጥ ካገኛችሁት ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉት፣ ከዚያ ቅደዱት። በራሴ ጽሕፈት ማየት እፈልጋለሁ። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ ግድግዳችሁ ላይ ከተለጠፈ አውርዱት። እኔ የራሴን ዛሬ ጠዋት አውርጃለሁ፣ ማጣበቂያው ግድግዳው ላይ ቀርቷል።